ቱሪን አዲስ ለመጣሽው እህት፦ ከገበያው ጀምሪ

ጥያቄ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለቤቴ ቀድሞኝ ስለመጣ በቤተሰብ ማገናኘት ወደ ጣሊያኗ ቱሪን ከተማ ገባሁ፤ ገና አዲስ ነኝ። እሱ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። እኔ ወረቀቴ እስኪያልቅ ቤት ነኝ። ጤፍ ተወደደብኝ፤ ከሰፈሩ ሱፐርማርኬት ስፓጌቲና የታሸገ ስጎ እየገዛሁ ነው የምንበላው። ቋንቋውም ሰዉም አልለመድ አለኝ። እናንተ እንዴት ጀመራችሁ?

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን በሰላም መጣሽ። የወረቀቱን ነገር ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ያስረዱሻል። እኔ የምልሽ ከወጥ ቤትሽ ጀምሪ ነው። የአገርሽን ምግብ ተዪ ማለቴ አይደለም፤ እኔም ሽሮዬን ሳልሠራ የማልፈው ሳምንት የለም። ግን እዚህ አገር ሰው በየወቅቱ የሚበላው ይለያያል፣ የሚበላውንም ሳያወራ አይውልም። እዚያ ወሬ ውስጥ መግባት ከቻልሽ ከሰው ጋር ገባሽ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዘንቢልሽን ያዢና ፖርታ ፓላዞ ሂጂ። ሪፑብሊካ አደባባይ ላይ ነው፤ በአውሮፓ ሜዳ ላይ ከሚቆሙት ገበያዎች ከትልልቆቹ አንዱ። በሌላው የሥራ ቀን ከቀትር በኋላ ይነሣል፣ ቅዳሜ ግን እስከ ምሽት ይዘልቃል። ፊት ለፊት ያሉትን ነጋዴዎች እለፊያቸውና ሰዓት ከተሰቀለበት ትልቅ የብረት ጣሪያ ጀርባ የገበሬዎቹን ክፍል ፈልጊ። እዚያ የሚሸጡት ከየእርሻቸው ያመጡትን ስለሆነ ምን ወቅት እንደገባ ከጠረጴዛቸው ታውቂያለሽ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ያው ቲማቲም፣ ያው ዝኩኒ ነው፤ በጥር የሚሸጠው ቲማቲም ደግሞ ዋጋው እንጂ ጣዕሙ የለም።

የማታውቂው አትክልት ሲያጋጥምሽ «ኮሜ ሲ ኩቺና?» በዪ፤ እንዴት ነው የሚሠራው ማለት ነው። ሻጯ ትነግርሻለች። ከኋላሽ የተሰለፉት አሮጊት «ኧረ እንደዚያ አይደለም» ይላሉ። ሌላዋ የእናቷን አሠራር ትጨምርበታለች። መጀመሪያ ጥቂት ቃል ብቻ ነው የሚገባሽ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስትመለሺ ግን «እንዴት ሆነልሽ?» ብለው ይጠይቁሻል። ቺፒያ የሚባሉ የመንግሥት የአዋቂዎች ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ቋንቋ ያስተምራሉና እዚያም ተመዝገቢ። አፍሽን የሚፈታልሽ ግን ገበያው ነው።

አሁን ጥቅምት ላይ ነን። የካርማኞላ ቃሪያ ሊያልቅ ነው፣ ድረሺበት። ካርማኞላ ከቱሪን በስተደቡብ ያለች ከተማ ናት፤ ቢጫና ቀይ፣ ሥጋው ወፍራም የሆነ የፈረንጅ ቃሪያ ታበቅላለች፣ በየዓመቱ በክረምታችን መጨረሻም ለቃሪያዋ ትልቅ ባዛር ታዘጋጃለች። ዱባና ካስታኛ የሚሉት የዛፍ ፍሬ ገብቷል። እንጉዳይም አለ፤ ግን ከገበያ ግዢ። ከጫካ ለመልቀም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሰው ለቅሞ ቢሰጥሽም ከመብላትሽ በፊት የጤና ቢሮው የእንጉዳይ መርማሪዎች በነፃ ያዩልሻል። እባክሽ ይህን ቀላል አታድርጊው፣ ሰው የሚሞትበት ነገር ነው።

ኅዳር ሲገባ ደግሞ ባኛ ካውዳ የሚሉትን ትኩስ ማጥቀሻ ሥሪ። ስለ እሱ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ለሐበሻ እጅና ለሐበሻ ማዕድ የተሠራ ይመስለኛል። የሚያስፈልገው ነጭ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይትና አቹጌ የሚሉት በጨው የተቀመጠ ትንሽ ዓሣ ነው። በባህሉ ለአንድ ሰው አንድ ሙሉ ራስ ነጭ ሽንኩርት ይታሰባል፤ አትደንግጪ። ውስጡ ያለውን አረንጓዴ ቡቃያ አውጥተሽ በስሱ ክተፊው። እንዲለዝብልሽ ከፈለግሽ መጀመሪያ በወተት ቀቅዪው። ከዚያ ዘይቱ ውስጥ ጨምረሽ እሳቱን የመጨረሻ ዝቅታ ላይ አድርጊ። መቅላት የለበትም፤ ቀላ ካለ መረረ ማለት ነው። ለስልሶ ሲፈርስ ጨዉ የታጠበና አጥንቱ የወጣ አቹጌ ጨምረሽ እስኪሟሟ ድረስ በእንጨት ማንኪያ አማስዪ።

ድስቱ ከሥሩ ሻማ ወይም ፍም ተደርጎለት ትኩስ እንደሆነ ጠረጴዛው መሐል ይቀመጣል። ዙሪያውን ጥሬ ቃሪያ፣ ጥቅል ጎመን፣ የተቀቀለ ድንች፣ ቀይ ሥር፣ የተጠበሰ ሽንኩርት ይደረደራል። ሁሉም ከዚያው ከአንዱ ዕቃ እያጠቀሰ ይበላል። ዋናው አትክልት ካርዶ ነው፤ እምቡጡ የሚበላው የካርቾፎ ዘመድ። ኒሳ ሞንፌራቶ በምትባል ከተማ አካባቢ ተክሉን አጉብጠው አፈር ያለብሱትና ብርሃን ሳያይ ነጥቶ ይወጣል፣ ምሬቱም ይለዝባል። መጨረሻ ላይ በቀረው ዘይት እንቁላል ተሰብሮ ይጠበሳል። ይህን ብቻሽን አትሥሪው፤ ጎረቤት ጥሪበት። ከአንድ ዕቃ አብሮ መብላት ለእኛ አዲስ አይደለም፣ ቱሪን ላለችበት ለፒየሞንቴ ክልል ሰውም አይደለም። የሚጠሩት ሁሉ ሽታው ስለሚከተላቸው በማግስቱ ሥራ የማይገቡበትን ቀን ይመርጣሉ፣ አንቺም እንዲሁ አድርጊ።

እጅሽ አዲስ መስሎ አይታይሽ። እዚህ የብዙው ሾርባና ስጎ መነሻ ሶፍሪቶ ነው፦ ሽንኩርት፣ ካሮትና ሴዳኖ (ሰለሪ) በጣም ደቅቀው ተከትፈው በዘይት፣ በዝግታ። ብዙ ወጣት ጣሊያናውያን ይቸኩሉበታል። አንቺ ግን የወጥ ሽንኩርት ስታቁላዪ ያደግሽ ነሽ፤ ያው ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። የታሸገውን ስጎ ዛሬውኑ ተዪው።

ሌላም አለ። ጎረቤቶችሽ ሁሉ የቱሪን ተወላጆች አይምሰሉሽ። በፈረንጆቹ 1950ዎቹና 1960ዎቹ ለፊያትና ለሌሎች ፋብሪካዎች ሥራ ከደቡብ ጣሊያን፣ ከፑሊያ፣ ከካላብሪያ፣ ከሲሲሊ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደዚህ ከተማ ፈለሰ። ያኔ «ለደቡብ ሰዎች አናከራይም» የሚል ጽሑፍ በየበሩ ይለጠፍ ነበር። እነዚያ ሰዎች ከነአትክልታቸውና ከነአሠራራቸው ነው የመጡት፤ ዛሬ ፖርታ ፓላዞ ላይ የምታዪው ቺኮሪያ የሚባለው ቅጠልና የባቄላ ክክ የእነሱ ነው። የፑሊያ ሴቶች የባቄላ ክኩን እስኪፈርስ ቀቅለው፣ በወይራ ዘይት መትተው፣ በጎኑ የተቀቀለ መራራ ቺኮሪያ ያቀርቡታል። ቅመሺው፣ ትወጂዋለሽ። ደረጃው ላይ የምታገኚያቸውን ትልልቅ ሴቶች ከየት እንደመጡና እናታቸው ምን ትሠራ እንደነበር ጠይቂያቸው። አዲስ ሰው መሆን ምን እንደሆነ ያውቁታል። ነሐሴ ላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የዓመቱን ቲማቲም ሲፈጭና በጠርሙስ ሲያሽግ እጅጌሽን ሰብስበሽ ሄደሽ አግዢ፤ ስትመለሺ ጠርሙስ ይዘሽ ነው።

ከሌላ ተሳታፊ፦

እህታችን፣ በጣም ጥሩ ጽሑፍ ነው። እኔ ተማሪ ነኝ፣ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ያለኝ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ ነው፣ ፎርኖ (መጋገሪያ) የለም። በዚያ ላይ ጾም እጾማለሁ። ይሄ ሁሉ አይብና ቅቤ ያለበት የጣሊያን ምግብ እኔን ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ እንዲያውም ለአንተ ነው የተመቸው። የድሃው የጣሊያን ወጥ ቤት ግማሹ የጾም ነው።

ፓስታ ኤ ቼቺን ያዝ፤ ፓስታ በሽንብራ ማለት ነው። ለአራት ሰው 300 ግራም ያህል ደረቅ ሽንብራ ማታ ዘፍዝፍ፣ ጠዋት ውሃውን ደፍተህ በአዲስ ውሃ እስኪበስል ቀቅል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በሌላ ድስት ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል በዘይት አሙቅ፣ ትንሽ የቲማቲም ድልህ ጨምር፣ ሽንብራውን ከነመረቁ ገልብጥበት። ግማሹን ጨፍልቀው፣ መረቁ ይወፍራል። ከዚያ አጫጭሩን ፓስታ እዚያው ውስጥ አብስለው። ሳህን ላይ ጥሬ የወይራ ዘይትና ቁንዶ በርበሬ። ለነገም ይሆናል፣ ሲያድር ይጣፍጣል።

ፋሪናታ የሚሉት የሽንብራ ቂጣ ደግሞ ፎርኖ ስለሚፈልግ ቤትህ አይሆንልህም፤ ከፒዛ ቤት ግዛው። የሽንብራ ዱቄት በሦስት እጥፍ ውሃ ተበጥብጦ ሰዓታት ቆይቶ፣ አረፋው ተገፍፎ፣ ዘይት በፈሰሰበት ትሪ ላይ በኃይለኛ እሳት የሚጋገር ነው። ሽንብራ ዓሣ የበላ ሰው ጣዕሙን ያውቀዋል።

ጾሞቻችን ከወቅቱ ጋር ይገጥማሉ። በጾመ ነቢያት ጎመን፣ ዱባ፣ የባሮ ሽንኩርትና ጥራጥሬ አለ፤ ሚነስትሮኔ የሚባለውን የአትክልት ሾርባ ሥራ። በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ካርቾፎ፣ ወደ ፋሲካ ሲቃረብ እሸት ባቄላና አስፓራጎ የሚባለው የሳንቴና ከተማ አትክልት ይመጣል። ፍልሰታ ላይ ደግሞ ቃሪያው፣ ደበርጃኑ፣ ቲማቲሙ፣ በሶብላው ሁሉ ሞልቶ የሚረክስበት ጊዜ ነው፤ ቃሪያና ሽንኩርት በቲማቲም አቁላልተህ ፔፔሮናታ ብትሠራ ለሳምንት ይበቃሃል። ነሐሴ 9 (በፈረንጆቹ ኦገስት 15) ለሚውለው የፌራጎስቶ በዓል ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ ቀደም ብለህ ሸምት።

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ሚነስትሮኔ ውስጥ የፓርሚጃኖ አይብ ልጣጭ መጨመር የተለመደ ነው፤ ሰው ቤት ስትጋበዝ አስቀድመህ «ሴንሳ ፎርማጆ» (ያለ አይብ) በል፣ ማንም አይቀየምህም። ባኛ ካውዳም ዓሣ ስላለበት በጾም ቀን ከመብላትህ በፊት የንስሐ አባትህን ጠይቅ።