ከዴንቨር ሲያትል በአርቪ፦ ተራራውን በሀይዌይ 70 ልለፍ ወይስ በዋዮሚንግ ልዙር?

የአሌክሳንድሪያው፦
ሰላም ወገኖች፣ በተለይ ትራክ የምትነዱ እባካችሁ እርዱኝ። ጁላይ ላይ ወንድሜ ሲያትል ያገባል እና ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቼና ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ሆነን ከቨርጂኒያ በአርቪ (መኝታና ኩሽና ባለው የጉዞ መኪና) ልንሄድ ተከራይተናል፣ 31 ፊት ፎርድ ኢ 450 ነው፣ ቤንዚን። ዴንቨር እህቴ ጋ ሁለት ቀን እናርፋለን፣ እስከዛ ያለው አብዛኛው ሜዳ ስለሆነ ብዙም አላሳሰበኝም፣ ጭንቀቴ ከዛ በኋላ ነው። ጂፒኤሱ በዋዮሚንግ በሀይዌይ 80 ሂድ ይለኛል፣ ልጆቹ ግን ሮኪ ተራራን በ70 ካላየን ብለው ይዘውኛል። እስካሁን የነዳሁት ካምሪ ነው። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ቢሞቅብኝስ? እናቴ ደግሞ ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራት ይሆን?

ሲዲኤል_ዘአውሮራ፦
ወንድሜ ዳገቱን ተወው፣ ቢብስ ቢብስ ቀኝ ሌን ይዘህ ፍላሸር አብርተህ ከትራኮቹ ጋር በ35 ማይል ትወጣለህ። የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ፊቱ 3 ፐርሰንት ገደማ ጉልበት ስለሚያጣ በ70 ላይ ተራራውን የሚያሻግረው አይዘንሃወር ተነል አፍ ላይ ስትደርስ (ከ11,000 ፊት በላይ ነው) ሲሶው ጉልበት የለም፣ ተበላሸ ብለህ እንዳትደነግጥ። ሙቀቱ ከጨመረ ኤሲ አጥፋ፣ ሂተር ክፈት፣ ማርሽ ቀንስ።

ነገሩ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከተነሉ ወጥተህ ወደ ሲልቨርቶርን ከተማ የሚወርደው መንገድ ተዳፋቱ 7 ፐርሰንት ነው፣ ለማይሎች ማረፊያ የለውም። እኔ ሲዲኤል (የትራክ መንጃ ፈቃድ) ባወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት እዛ ላይ እግሬን ፍሬን ላይ ጥዬ ስወርድ ጎማዬ ስር ጭስ ወጣ፣ ፔዳሉ እየለሰለሰ ሲመጣ የተሰማኝ ፍርሃት እስካሁን አለቀቀኝም። እዛ መንገድ ዳር የጠጠር ማምለጫ የተሠራው በምክንያት ነው፣ ፍሬንህ እምቢ ካለ ግባበት፣ ለመኪናው አትዘን።

የምትወርደው እንዲህ ነው፦ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነትህን ቀንሰህ ዝቅተኛ ማርሽ ያዝ። ልትወርድበት ያሰብከው ፍጥነት 40 ማይል ከሆነ፣ 40 ሲደርስ ፍሬኑን ጠበቅ አርገህ ለ3 ሰከንድ ያህል ያዝ፣ 35 ሲሆን ሙሉ በሙሉ ልቀቅ። እንደገና 40 ሲደርስ እንደዛው። በስሱ እንደረገጡ ሳይለቁ ረጅም መያዝ ነው ፍሬን የሚያቃጥለው።

የአሌክሳንድሪያው፦
እግዜር ይስጥህ። ግን ማርሹ ኦቶማቲክ ነው፣ እንዴት ነው የምቀንሰው?

ሲዲኤል_ዘአውሮራ፦
የማርሹ እጀታ ጫፍ ላይ ቶው ሆል የምትል በተን አለች፣ ተጫናት። እሷ በርታ ፍሬን ነካ ስታደርግ ራሱ ማርሽ ይቀንስልሃል፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጩህ፣ ሥራው ነው። ዴንቨር ሳትደርስ ካንሳስ ሜዳ ላይ ሞክራት።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኛ ባለፈው ዓመት በ80 ነው የሄድነው። ተራራው ይቀላል ግን ነፋሱን ማንም አልነገረን፣ ከላራሚ አለፍ ብሎ ኤልክ ማውንቴን አካባቢ አርቪው ወደ ጎን ሲገፋ ባሌ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ላብ በላብ ሆነ፣ አርቪ ረጅም ግድግዳ ስለሆነ ነፋስ ይወደዋል። በዛ ከሄዳችሁ ጠዋት በማለዳ ውጡ፣ የመንገዱን ሁኔታ 511 (የመንገድ መረጃ አገልግሎት) ላይ እዩ፣ ለረጅምና ቀላል መኪና ተዘግቷል ካለ ቁሙ። በ70ም ከሆነ ማለዳ ይሻላል፣ በጋ ላይ ከሰዓት ተራራው ነጎድጓድና ዝናብ ያመጣል። እማማ አዲስ አበባ የኖሩ ስለሆኑ ከኛ ይሻላሉ፣ ግን ተነሉ ከእንጦጦም ይበልጣል፣ ውሃ በደንብ ይጠጡ፣ ደም ግፊት ወይ ልብ ካለባቸው ሳትነሱ ሐኪማቸውን ጠይቁ።

የደጀን ልጅ፦
ልጄ፣ እኔ አገር ቤት እያለሁ ከጎሃ ጽዮን አባይ በረሃ ድረስ የጭነት መኪና ስንት ጊዜ አውርጃለሁ። ያኔ ለኛ የተነገረን በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚል ነው፣ ከዛ ማነስ እንጂ መብለጥ የለበትም። ቤንዚን ልቆጥብ ብለህ ፎሌ (ማርሽ አውጥቶ መንዳት) እንዳታደርግ፣ በፎሌ የወረዱ ጓደኞች ቀብሬያለሁ። ከኋላህ ጥሩምባ የሚነፋ ቢመጣ እንኳ አትፍጠንለት፣ ማለፊያ ሲኖር ያልፍሃል። ወርደህ ስትጨርስ ደግሞ ቁምና ጎማዎቹን ዞረህ አሽትት፣ ከሸተተህ ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ልጆቹን ምሳ አብላ፣ ውሃ እንዳትደፋበት።

ሲዲኤል_ዘአውሮራ፦
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ በየትኛውም ብትሄድ ኦሪገን ላይ በ84 ካቤጅ ሂል አለ፣ ወደ ፔንድልተን ሲወርድ 6 ፐርሰንት ነው፣ ኩርባው ደግሞ ከሲልቨርቶርኑ ይከፋል። ሮኪን አለፍኩ ብለህ እዛ እንዳትዘናጋ። ከሱ በኋላ ሲያትል ሳትደርስ ያለው የስኖኳልሚ ተራራ ማለፊያ 3,000 ፊት ገደማ ብቻ ነው፣ ቀላል ነው።

የአሌክሳንድሪያው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። በ70 እንሄዳለን፣ ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከእህቴ ቤት እንነሳለን። አርቪውን ስረከብ ፍሬኑንና ጎማውን አስፈትሻለሁ፣ ሲልቨርቶርን ስንደርስ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።