ጥንቸሌ ጸጉሯን እየነጨች ነው፤ ልትወልድ ይሆን?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግራጫዋ ጥንቸሌ ከትናንት ማታ ጀምሮ ድርቆሽ በአፏ ሙሉ ይዛ ከጥግ ወደ ጥግ ትመላለሳለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የደረቷን ጸጉር እየነጨች ስትከምር አየኋት። ሆዷን ብዳብስም ምንም አልለየሁ፤ ትርፌ መነከስ ሆነ። ሌሊቱን አጠገቧ ልቀመጥ?

መልስ፦
ከጸጉሩ በፊት ቀኑን ይንገሩን። ከወንዱ ጋር የተገናኘችው መቼ ነው? የጥንቸል እርግዝና አብዛኛውን ጊዜ 31 ቀን ገደማ ነው። ጸጉር መንጨቱ በ17ኛው ቀን አካባቢ ከመጣ ሐሰተኛ እርግዝና ሊሆን ይችላል፤ ሆዷ ባዶ ሆኖ ሳለ ጎጆውን አሳምራ ትሠራለች። በጸጉር ብቻ «ዛሬ ትወልዳለች» ብሎ የሚምል ሰው አላምንም። አንዳንዷ ቀናት አስቀድማ ትነጫለች፤ አንዳንዷ ትዝ የሚላት ከወለደች በኋላ ነው።

ጠያቂ፦
ዛሬ 30ኛ ቀኗ ነው። ምግቧንም ከማለዳ ጀምሮ አልነካችም።

መልስ፦
እንግዲያው ዛሬ ወይም ነገ ይጠብቁ። ሆዷን መዳበሱን ይተዉት፤ ለዚያ የሚመቸው ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነበር። የመውለጃ ሳጥን ከሌላት አሁኑኑ ድርቆሽ ሞልተው ያስገቡላት። ልጆቹ ራቁታቸውን ስለሚወለዱ የሽቦ ወለል ላይ ከቀሩ ብርድ ይገድላቸዋል። የነጨችውን ጸጉር እንዳይጥሉት፤ ብርድ ልብሳቸው እሱ ነው። ውሃ አይጉደልባት። ወንዱ አብሯት ካለ ያውጡት፤ በወለደች ዕለት እንደገና ልታረግዝ ትችላለች።

አጠገቧ መቀመጡ ግን ለእርስዎ እንጂ ለእሷ አይጠቅማትም። ብዙውን ጊዜ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ፣ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጨርሳ ትወጣለች። ባትሪ የሚያበራባት ሰው ካለ ትደነግጥና ልጆቿን ልትረግጥ ትችላለች።

ሌላ መልስ፦
ጠዋት የጸጉሩ ክምር ሲንቀሳቀስ ካዩ ወልዳለች። እጅዎን ታጥበው ይቁጠሩ፤ የሞተ ካለ ያውጡ። ከልጆቿ ርቃ ብትውል ጣለቻቸው ብለው አይጨነቁ፤ የምታጠባው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ጠያቂ፦
አምጣ አምጣ ምንም ባይወጣስ?

መልስ፦
ያን ጊዜ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። 32ኛው ቀን ካለፈም እንዲሁ። ሆዷን ተጭነው ለማስወጣት ግን አይሞክሩ።