ማግኒዚየም ሰልፌት ላይ ያለች እናት፦ ቀጣዩ ዶዝ ይሰጥ ወይስ ይቅር?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመውጫ ፈተና ስንዘጋጅ ይህ ጥያቄ አከራክሮናል። የ34 ሳምንት ነፍሰ ጡር በከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና በሚመጣ የደም ግፊት በሽታ) ተኝታለች። መንቀጥቀጥን የሚከላከለውን የማግኒዚየም ሰልፌት ሎዲንግ ዶዝ (የመነሻውን ትልቅ መጠን) ከወሰደች 4 ሰዓት ሆኗታል፤ የሜንቴናንሱ (የቀጣዩ ዶዝ) ሰዓት ደርሷል። የደም ግፊቷ 150/100፣ ትንፋሿ በደቂቃ 14፣ የጉልበቷ ሪፍሌክስ (ጅማቱ ሲመታ እግር በራሱ መወርወሩ) የለም፣ በ4 ሰዓት ውስጥ በካቴተር የወጣው ሽንት 80 ሲሲ ነው። ነርሷ መጀመሪያ ምን ታድርግ?
ሀ) ሰዓቱ ስለደረሰ 5 ግራም አይኤም (በጡንቻ) ትስጥ
ለ) ሐኪም ጠርታ ትዕዛዝ ትጠብቅ
ሐ) ዶዙን አትስጥ፤ ካልሲየም ግሉኮኔት (የማግኒዚየም ማርከሻ) አቅርባ ለሐኪም ታሳውቅ
መ) ሽንቷ እንዲጨምር ፍሉይድ በፍጥነት ትልቀቅ
እኔ ለ ብዬ ነበር፤ መልሱ ግን ሐ ነው ተባለ። ነርስ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ መድኃኒት ማስቀረት ትችላለች እንዴ?

አዋላጇ፦
ትችላለች፤ እዚህ ላይ ደግሞ ግዴታዋ ነው። እያንዳንዱ የማግኒዚየም ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ነገር ይታያል፦ ትንፋሽ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ የጉልበት ሪፍሌክስ መኖሩ፣ ላለፉት 4 ሰዓታት ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሲሲ። 80ን ለ4 ብታካፍዪው 20 ነው። ዶዙን ለማስቀረት አንዱ መጉደሉ ይበቃል፤ እዚህ ሦስቱም ጎድለዋል።

ምክንያቱን ከያዝሽው ቁጥሩ አይጠፋሽም። ማግኒዚየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ሽንት ሲያንስ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሲከማች ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበትን መንገድ ያፍናል። ቀድሞ የሚጠፋው ሪፍሌክስ ነው፣ ከዚያ ትንፋሽ ይደክማል፣ በመጨረሻ ልብ ይቆማል። ስለዚህ 14 ትንፋሽ አያዘናጋሽ፤ ጉልበቷ ቀድሞ ነግሮሻል። አይኤም የገባ 5 ግራም ደግሞ እንደ ድሪፕ አይዘጋም፤ አንዴ ከገባ ገባ ነው።

ለ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሐኪም መጥራቱ ልክ ነው፤ ስህተቱ እጅ አጣጥፎ መጠበቁ ላይ ነው። መ የባሰ ነው፤ በፕሪኤክላምፕሲያ ፍሉይድ በፍጥነት መልቀቅ ሳንባ ላይ ውኃ ያመጣል።

የማታ ተረኛ፦
ሲስተር ያለችው ላይ አንድ ልጨምር፦ «ሪፍሌክስ የለም» ከማለትሽ በፊት አመታትሽን እዪ። እግሯ ተወጥሮ ከሆነ ቢመታም አይንቀሳቀስም። ከጉልበቷ ሥር በክንድሽ ደግፈሽ በትንሹ እጠፊው፣ እግሯ ሲላላ ከሎሚው በታች ያለውን ጅማት ምቺ። ካልመጣ ሁለት እጇን አቆላልፋ እንድትጎትት አድርጊና በዚያው ቅጽበት ድገሚ። አሁንም ከሌለ፣ የለም ማለት ነው።

ካልሲየም ግሉኮኔቱ 1 ግራም ነው፤ ማለትም ከ10 ፐርሰንቱ 10 ሲሲ፣ በአይቪ (በደም ሥር)፣ ቀስ ተብሎ። በፍጥነት ከተገፋ የልብ ምትን ያዛባል። ትንፋሿ ከቆመ ግን አምቡ ባጉ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰው) ይቀድማል፤ አምፑል ስትሰብሪ እንዳትዘገዪ።

ስሌቱም ፈተና ላይ አይቀርም። የሎዲንግ ዶዙን 4 ግራም በ20 ፐርሰንት ለማዘጋጀት ከ50 ፐርሰንቱ 8 ሲሲ ወስደሽ በ12 ሲሲ የመርፌ ውኃ ትቀላቅያለሽ፤ 20 ሲሲ ይሆናል፣ ከ5 ደቂቃ ባልፈጠነ ጊዜ በአይቪ ይገባል። 50 ፐርሰንቱን ሳይቀጥኑ በአይቪ መስጠት አደገኛ ስህተት ነው። አይኤሙ ግን አይቀጥንም፦ በእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም፣ ማለትም 10 ሲሲ ከ1 ሲሲ የ2 ፐርሰንት ሊዶኬይን (ማደንዘዣ) ጋር፣ ጥልቅ አድርጎ። የአምፑሉን ጽሑፍ አንብቢ፤ ባለ 2 ሲሲ የ50 ፐርሰንት አምፑል 1 ግራም ብቻ ነው የያዘው።

ከሜሪላንድ፦
ኤንክሌክስ (የአሜሪካን የነርስነት ፈቃድ ፈተና) ለምትፈተኑ፦ እዚያ የትንፋሹ ወሰን አብዛኛውን ጊዜ ከ12 በታች ተብሎ ነው የሚመጣው፤ መድኃኒቱም በፓምፕ ስለሚሄድ የመጀመሪያው እርምጃ «ፓምፑን አቁሚ» ነው። በደም ውስጥ ያለው የማግኒዚየም መጠን በሊትር ከ4 እስከ 7 ሚሊ ኢኩቫለንት ቢሆን የሚፈለገው ነው። ሁለቱን የትንፋሽ ወሰኖች፣ 16ንና 12ን፣ አታደባልቁ፤ ለምትቀመጡበት ፈተና የሚሠራውን ያዙ።

ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ኤንክሌክስ ላይ በአንድ ታካሚ 6 ጥያቄ የሚደረደርባቸው ኬዞች አሉ። በዚህች እናት ቢመጣ የመጀመሪያው «የትኞቹ ምልክቶች ያሳስባሉ?» የሚል ይሆናል። 150/100 ዓይን ይስባል፤ ማግኒዚየም ግን መንቀጥቀጥን መከላከያ እንጂ የግፊት መድኃኒት አይደለም፣ ይሰጥ አይሰጥ የሚባለውም በግፊቱ አይደለም። የሚመለከተውን ሁሉ ምረጡ በሚለው ደግሞ ስህተት ምርጫ ነጥብ ስለሚቀንስ በጥርጣሬ ምልክት አታብዙ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ዶዙ ከተያዘ በኋላ መቼ ይቀጥላል? ስፓይናል (ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ የጀርባ መርፌ) የተወጋች እናትስ ጉልበቷ እንዴት ይታያል?

አዋላጇ፦
ሪፍሌክሱ ተመልሶ፣ ትንፋሹ 16 ደርሶ፣ ሽንቱም በሰዓት 30 ሲሲ ሲሆን፣ ሐኪሙ አይቶ ሲያዝ። እስከዚያ መንቀጥቀጡ ሊመጣ ስለሚችል በጎን አስተኝተሽ፣ የአልጋውን አጥር አንስተሽ፣ ሳክሽን (የምራቅ መምጠጫ) እና ኦክስጅን አጠገቧ አድርጊ፤ ብቻዋን አትተዪያት። ዶዙ ያልተሰጠበትን ሰዓትና ምክንያት ቻርቱ ላይ ጻፊ።

ስፓይናል ላይ እግሯ የደነዘዘው በማደንዘዣው ስለሆነ ጉልበት አይታመንም። ክንዷን በትንሹ አጥፈሽ ከክርኗ ፊት ለፊት ባለው የባይሴፕስ ጅማት ላይ አውራ ጣትሽን አሳርፊና ጣትሽን ምቺ።