ጋራዥ ተከራይቶ የራስን ፍሬን መቀየር፦ ሦስት ሰዓት ይበቃል?

ካምሪ2012
ሰላም ለሁላችሁ፣ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። መኪናዬ የ2012 ካምሪ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ናት። ዓመታዊ ምርመራ ላይ የፊት ፍሬን ሸራዋ አልቋል ተብሎ የውድቅ ስቲከር ተለጥፎባታል፤ ለማስጠገን 15 ቀን ተሰጥቶኛል። አፓርታማው ግቢው ውስጥ መጠገን ስለማይፈቅድ ሊፍትና መሣሪያ በሰዓት የሚያከራይ ቦታ አግኝቻለሁ። የፊት ሸራና ዲስክ ራሴ ልቀይር ነው፣ ጊዜ ከተረፈ ዘይትም። ቁልፍ መያዝ አያቅተኝም፤ ሊፍት ላይ ግን ሠርቼ አላውቅም። ሦስት ሰዓት ይበቃኛል? እህት ነኝ፣ "አንተ" እንዳትሉኝ 🙂

ቡሶላ_14
እህቴ፣ ሦስት ሰዓት ለፍሬኑ ብቻ ያዢ፤ ዘይቱን ለሌላ ቀን ተዪው። የለመደ ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ይጨርሰዋል። ሰዓት የሚበላው የዛገ ብሎንና ያልገጠመ ዕቃ ነው፤ ሁለቱንም ከቤት ሳትወጪ መቀነስ ትችያለሽ።

ዕቃውን ስትገዢ የሻንሲ ቁጥሩን ስጫቸው፤ ዓመተ ምርትና ሞዴል ብቻውን አያስተማምንም። ካርቶኑን እዚያው ከፍተሽ አራት ሸራ፣ አዳዲስ የሸራ ክሊፖችና ሁለት እኩል ዲስኮች መኖራቸውን እዪ። ጋራዥ ደርሰሽ ስህተት ብታገኚ መኪናዋ ሊፍት ላይ ተሰቅላ ሂሳቡ ይቆጥራል። በዋዜማው ማታ መሪውን ወደ አንድ ጎን ጥግ ድረስ አዙሪና ከጎማው ጀርባ የሚታዩትን የካሊፐር (ሸራዎቹን በፒስተን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ብሎኖች ዝገት ማስለቀቂያ ርጪባቸው፤ ከዚያ በሌላው በኩል ድገሚ። ሸራና ዲስክ ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቂ። ክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር ይህን መዝለል አይገባም።

ስልክ ደውለሽ ደግሞ እነዚህን ጠይቂ፦ ከሰዓት ካለፍኩ የሚታሰበው በስንት ደቂቃ ነው? ቦታውን የማጸዳበት ጊዜ በኪራዩ ውስጥ ይቆጠራል? ቶርክ ቁልፍ (ብሎን በልኩ የሚያጠብቅ መፍቻ) አላችሁ? ሥራው ካላለቀ መኪናው ማደር ይችላል፣ በስንት? እሁድ ከሰዓት በኋላ አትያዢ። ዕቃ ቢጎድል መሸጫው ሊዘጋ ይችላል፣ የተሰቀለችውን መኪና ይዘሽ አትሄጂ።

ፒንሳና_ግሪስ
ወደ ሥራው እንግባ። ጎማው መሬት ላይ እያለ የጎማ ዳዶዎቹን በ21 ሚሊሜትር ቡሶላ ሩብ ዙር ፈታ አድርጊያቸው። የሊፍቱ ክንዶች የሚያርፉት ከበሩ ሥር ባለው ብረት ጠርዝ ላይ፣ ፋብሪካው ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ምልክት ባበጀበት ቦታ ነው። ጎማዎቹ ከመሬት እንደለቀቁ አቁሚና መኪናዋን ከፊትም ከኋላም ወዝውዢ። ካልተንሸራተተች ወደ ላይ፤ ከዚያ መቆለፊያው ላይ እስክታርፍ ትንሽ ዝቅ አድርጊ። የቦታው ሠራተኛ አጠገብሽ ይቁም፣ ይሄን ለመጠየቅ አትፈሪ።

አንዱን ጎን ሳትጨርሺ ሌላውን አትንኪ፤ ግራ ሲገባሽ የምታዪው ናሙና ይሆንሻል። ካሊፐሩን የያዙት ሁለቱ ብሎኖች 14 ናቸው፣ የካሊፐር መቀመጫው ብሎኖች 17። ካሊፐሩን በሽቦ ስፕሪንጉ ላይ አንጠልጥዪው፤ በፍሬን ቱቦው ከተንጠለጠለ ቱቦው ከውስጥ ይጎዳል። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈቺና አሮጌውን ሸራ ፒስተኑ ላይ አድርገሽ በሲ-ክላምፕ (በእጅ የሚጠብቅ መጨመቂያ) ቀስ ብለሽ ግፊው። ዘይቱ ሞልቶ ከፈሰሰ ቀለም ይልጣል፣ ቀድመሽ በመርፌ ትንሽ ቅጂለት።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው ዲስኩ የሚቀመጥበትን ፊት ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈትጊው። እዚያ የቀረ ቅርፊት ዲስኩን ያዛባዋል፤ መጀመሪያ ምንም አይሰማሽም፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ግን ፍሬን ስትይዢ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያኔ ሰው ሁሉ "ዲስኩ ርካሽ ነው" ይላል። አዲሱን ዲስክ የፋብሪካ ዘይቱ እስኪለቅ በፍሬን ማጽጃ እጠቢው። የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ላይ ሲሊኮን ግሪስ ብቻ ቀቢ፤ ተራ ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ፒኑ ይነክሳል፣ አንዱ ሸራ ብቻውን ያልቃል። አንዱ ፒን ጫፉ ላይ ላስቲክ አለው፤ ከወጣበት ቀዳዳ ነው የሚመለሰው።

የማጥበቂያ ልክ በቶርክ ቁልፍ፦ የመቀመጫው ብሎኖች 79 ፉት-ፓውንድ፣ የካሊፐሩ ብሎኖች 25፣ የጎማ ዳዶ 76።

ካምሪ2012
እግዜር ይስጥልኝ። ዲስኩ ዝጎ አልላቀቅ ቢለኝስ?

ቡሶላ_14
ዲስኩ ፊት ላይ ባዶ የሆኑ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሥራቸው ይሄው ነው። ኤም8 ባለ 1.25 ጥርስ ሁለት ብሎን ገዝተሽ ኪስሽ ውስጥ ያዢ፤ ተራ በተራ ግማሽ ግማሽ ዙር ስታጠብቂያቸው ገፍተው ያወጡታል። አሮጌው የሚጣል ስለሆነ በመዶሻ ብትመቺውም ምንም አይደል።

ዜሮ_ሃያ
በዘይቱ ጉዳይ ከቡሶላ ጋር አልስማማም። መኪናዋ እንደተሰቀለች ማፍሰሻውን ብሎን (እሱም 14 ነው) ፍቺና ፍሬኑን እየሠራሽ ይንጠባጠብ፤ የሚጨምርብሽ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ችግሩ ፊልትሮው ነው። የዚህ ሞተር ፊልትሮ በፕላስቲክ ክዳን ውስጥ የሚገባ ወረቀት ስለሆነ 64 ሚሊሜትር ባለ 14 ጎን ክዳን መፍቻ ይፈልጋል፤ ኪራይ ጋራዥ ላይኖረው ይችላል፣ ይዘሽ ሂጂ። የክዳኑን አሮጌ ላስቲክ ቀለበት አውጥተሽ አዲሱን በዘይት ቀብተሽ አስገቢ። 0ደብሊው-20 ዘይት፣ 4.6 ኳርት። ማፍሰሻውን 30 ፉት-ፓውንድ አጥብቂና መሪው ላይ "ዘይት የለም" የሚል ወረቀት ለጥፊ፣ እስክትሞዪ ድረስ እንዳይነሳ።

ፒንሳና_ግሪስ
ወረቀቱ ጥሩ ሐሳብ ነው። ሌላው የሚረሳ ነገር፦ ከሊፍቱ ከወረደች በኋላ፣ ሞተር ሳታስነሺ፣ ፍሬኑን እግርሽ ሥር ጠንካራ እስኪሆን ደጋግመሽ ርገጪ። ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ባዶ ናቸው፤ ይህን ያልረገጠ ሰው የጋራዡን ግድግዳ ይመታል። ከዚያ የፍሬን ዘይቱን ልክ አይተሽ ክዳኑን ግጠሚ። አዲሱ ሸራና ዲስክ እንዲላመዱ ሰው በሌለበት መንገድ በሰዓት ከ30 ማይል ወደ 5 አሥር ጊዜ ያህል አብርጂ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሚ። የጎማ ዳዶዎቹን ከ50 ማይል በኋላ በ76 ደግመሽ ፈትሺ።