ጥቆማ፦ አሮጌ ፒክአፕ ስትገዙ ማኑዋል ወይስ አውቶማቲክ?

አሮጌ ፒክአፕ የሚፈልገው ሰው በዝቷል። አይገርምም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው። በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ገበያው እዚሁ ወዳለው መኪና ዞረ፤ የአሥራ አምስትና የሃያ ዓመት ሃይሉክስ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ገዢው ሁሉ ታዲያ ይህችን ጥያቄ ይጠይቃል፦ ማኑዋሉ ይሻለኛል ወይስ አውቶማቲኩ?

የኔን ሐሳብ በመጀመሪያ ልናገር። ጭነት የምትጭኑና ከከተማ የምትወጡ ከሆነ ማኑዋል ግዙ። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ የምትነዱና የመኪናውን ታሪክ ከባለቤቱ አፍ የምታውቁ ከሆነ አውቶማቲክ ብትገዙ አልቃወምም። ታሪኩ የማይታወቅ አሮጌ አውቶማቲክ ግን በርካሽ ሲቀርብላችሁ ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ጠይቁ።

ነገሩ ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ሲበላሽ ምን ይከተላል የሚለው ነው። ማኑዋል ቀስ ብሎ ነው የሚሞተው። ይጮሃል፣ ማርሽ ይተፋል፣ ሁለተኛ አልገባም ይላል፤ ግን እየጮኸም ቢሆን ቤት ያደርሳችኋል። ፍሪሲዮን ካለቀ ሸራው፣ ሸራውን የሚጫነው ፕሬዠር ፕሌትና ኩሽኔታው አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሞልቷል። ደብረ ማርቆስም ወልዲያም ሻሸመኔም ካምቢዮ አውርዶ ሸራ የሚቀይር መካኒክ አታጡም። አውቶማቲክ እንዲህ አይደለም። ዛሬ ይሄዳል፣ ነገ ዲ አስገብታችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ ብቻ ይጮሃል። ውስጡን በትክክል ፈትቶ የሚገጥም ጋራዥ ደግሞ አዲስ አበባም ውስጥ ጥቂት ነው። ብዙው ጋራዥ «አውጥተን ያገለገለ እንግጠም» ነው የሚላችሁ። ክፍለ ሀገር ላይ ከሆናችሁ መኪናዋ በሌላ መኪና ተጭና ነው የምትመጣው። ባትሪ ሲሞት ገፍቶ ማስነሳትም የለም።

ሌላው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ) የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ከ1997 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የተሠራውን ባለ 5ኤል ሞተር ሃይሉክስ ውሰዱ። 3,000 ሲሲ ገደማ ነው፣ ቱርቦ የለውም። ሞተሩ እሳት ነው፣ በሚኒባስ ታክሲዎች ምክንያት ዕቃውም የትም አለ። ነገር ግን አሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮ በዘይት ግፊት ስለሚሠራ ከዚያች ከቀነሰችው ጉልበት ላይ እንደገና ይበላል። አምስት ኩንታል ጭናችሁ ወደ እንጦጦ ስትወጡ መኪናዋ የምትለምናችሁ ይመስላል። ለዚህ ሞዴል ማኑዋል ብቻ። አራት ነጥብ።

ቁልቁለቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። መታጠፊያዎቹ ላይ የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ያልሸተተው ተጓዥ የለም። ማኑዋል ላይ ከላይ ሦስተኛ፣ ጠበብ ሲል ሁለተኛ ታስገባላችሁ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል፣ ፍሬኑን የምትነኩት አልፎ አልፎ ነው። አሮጌው ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክም ይይዛል፤ ነገር ግን ኦቨርድራይቩን (የመጨረሻውን፣ የፍጥነቱን ማርሽ) አጥፍታችሁ ዘንጉን ወደ 2፣ ሲብስም ወደ ኤል ካወረዳችሁት ነው። ብዙ ሰው ይህን አያደርግም። ዲ ላይ ትቶ በፍሬን ብቻ ይወርዳል። ግማሽ መንገድ ላይ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በኋላ ጸሎት ነው። መኪናውን ለሹፌር የምትሰጡ ከሆነ ይህን ቁጭ ብላችሁ አስረዱት።

አውቶማቲክን ግን ማጥላላት አልፈልግም። ከመገናኛ ሜክሲኮ በሥራ መውጫ ሰዓት ማኑዋል የነዳ ሰው ግራ ጉልበቱ ይመሰክራል። ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት ለአውቶማቲክ ቀላል ነው። ጭቃ ውስጥም ጉልበቱን ቀስ አድርጎ ስለሚሰጥ ጎማው ዝም ብሎ አይሽከረከርም። ጉልበት ወይም ወገብ ለሚያምማችሁ ሰዎች ነገሩ ምቾት ብቻ አይደለም። ከውጭ ተመልሳችሁ ማኑዋል ነድታችሁ የማታውቁም አላችሁ፤ በአሮጌ ፒክአፕ ላይ ፍሪሲዮን እየለመዳችሁ ሸራ ከምታቃጥሉ ጤነኛ አውቶማቲክ ፈልጉ።

ወደ ሞዴሎቹ ልግባ።

አውቶማቲክ ካላችሁ ከ2005 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ያለው ሃይሉክስ፣ ቪጎ የሚባለው፣ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ባለ 3.0 ሊትሩ ቱርቦ ናፍጣ ለከፍታችን ይስማማል፤ የመጀመሪያዎቹ ባለ አራት ማርሽ፣ የኋለኞቹ ባለ አምስት ማርሽ አውቶማቲክ አላቸው። ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረ ሁለቱም ጠንካራ ናቸው። ከገልፍ አገሮች የመጣው ባለ 2.7 ቤንዚን አውቶማቲክም አለ። ጸጥ ያለ መኪና ነው፤ ግን ቱርቦ የለውም፣ ቤንዚንም ይወዳል። ለከተማ እንጂ ለጭነት አልመክረውም። በማኑዋል በኩል ባለ 2.5ቱ ቪጎና አይሱዙ ዲማክስ ለኔ እኩል ናቸው። ዲማክስ ትንሽ ሻካራ ነው፤ ጭነት ላይ ግን አያሳፍርም። ሚትሱቢሺ ኤል200 በማኑዋል ጥሩ ነው።

ኒሳን ናቫራ፣ በተለይ ዲ40 የሚባለውን፣ በአውቶማቲክ ስትገዙ ራዲያተሩን ሳታዩ እንዳትፈርሙ። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለ ቱቦ ነው። እሱ ሲሰነጠቅ ውኃውና ዘይቱ ይቀላቀላሉ፣ ካምቢዮውም በአጭር ጊዜ ያልቃል። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክፈቱ፤ ሮዝ ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ ድርድሩ እዚያ ላይ ያበቃል። የናቫራ ማኑዋሉም ሆነ የአዲሱ ፎርድ ሬንጀር ሁለት ክፍል ያለው ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞር፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ የሚያርፍበት ከባድ ብረት) አላቸው። እሱ ሲያልቅ የፍሪሲዮን ሥራ ዋጋው ሌላ ነው፣ ይህን ከግዢው በፊት አስሉት።

አሁን ወደ ሙከራው። ደላላው «ሞቅ አድርጌ ጠበቅኳችሁ» ካለ ቀጠሮውን ለሌላ ቀን አድርጉት። ካምቢዮ ሕመሙን የሚናገረው ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፤ ከዚያ ደግሞ በጣም ሲግል።

ማኑዋል ከሆነ ሞተሩን አስነስታችሁ ፍሪ ላይ አድምጡ። ሆሆታ ካለና ፍሪሲዮን ስትረግጡ ከጠፋ የካምቢዮው ኩሽኔታ ነው። በተቃራኒው ስትረግጡ የሚጀምር ድምፅ ከሆነ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው፤ እሱ ቀላል ወጪ ነው። ከዚያ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ ሦስተኛ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ መጥፋት አለበት። መሥራቱን ከቀጠለ ሸራው አልቋል። አንዴ ይበቃል፣ አትድገሙት። መንገድ ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስትመልሱ ክርክር ካለ ሲንክሮናይዘሩ (ማርሹ በሰላም እንዲገባ የሚያደርገው ቀለበት) ተበልቷል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስትለቁ ዘንጉ ወደ ፍሪ ከተፋ ደግሞ ካምቢዮው መፈታቱ አይቀርም፤ የሥራውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ አስቀንሱ።

አውቶማቲክ ከሆነ የዘይት መለኪያው ያለው ሞዴል ላይ መለኪያውን መዝዛችሁ በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ቀይ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀይ ከሆነ ጥሩ። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ውስጡ ያሉት ሸራዎች ነደዋል። ፍሬን ረግጣችሁ ከኤን ወደ ዲ፣ ከዚያ ወደ አር አስገቡ፤ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ያለ መንገጫገጭ መያዝ አለበት። ረዘም ብሎ ድንገት «ዷ» ካለ ተዉት። ዳገት ላይ ስትነዱ ማርሽ ሲቀይር መኪናዋ ሳትፈጥን የሞተሩ ዙር ዘልሎ ከወጣም ተዉት። የቶዮታ ዳሽቦርድ ላይ ደግሞ የኦቨርድራይቭ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒውተሩ ስህተት መዝግቧል ማለት ነው። ሻጩ «የአምፖል ችግር ነው» ይላችኋል። አምፖል ራሱን አያብለጨልጭም።

ዕቃ ላይ፦ ለቶዮታ ፍሪሲዮን አይሲን ወይም ኤክሴዲ ግዙ፣ ሁለቱም የጃፓን ናቸው። ኦሪጅናል በቶዮታ ካርቶን የምትፈልጉ ከሆነ የቶዮታ ወኪሉ ሞኤንኮ አለ፤ ውድ ነው፣ ግን አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ከመግዛት ስጋት ታርፋላችሁ። ሶማሌ ተራ ስትገዙ ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን ራሱን እዩ። የአሮጌውን ሸራ ይዛችሁ ሂዱና የጥርሱን ብዛትና ስፋቱን ጎን ለጎን አስተያዩት። ካምቢዮ ከወረደ አይቀር ሸራውን ብቻ ቀይራችሁ አትግጠሙ። ፕሌቱንና ኩሽኔታውን አብራችሁ ቀይሩ፣ የቮላኖውንም ፊት አስቆርጣችሁ አስተካክሉ። ለማውረድ የምትከፍሉት የእጅ ዋጋ ያው ነውና።

ዘይት ላይ ቀልድ የለም። የማኑዋሉ መኪና መመሪያ መጽሐፍ ጂኤል-4 (የማርሽ ዘይት ደረጃ ነው) ካለ ጂኤል-5 እንዲያስገቡላችሁ አትፍቀዱ፤ የነሐስ ክፍሎቹን ይበላል። የአይሱዙ ካምቢዮ ደግሞ የሞተር ዘይት የሚጠቀም ስላለ መጽሐፉን ሳታዩ አታስሞሉ። አውቶማቲክ ላይ ዴክስሮን 3፣ ቲ-4 እና ደብልዩኤስ የተለያዩ ዘይቶች ናቸው፤ «ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» የሚል ጋራዥ ካገኛችሁ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ። በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩት። ከታች ሲፈስ ግማሽ ያህሉ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ያልተቀየረ ከሆነ አፍስሳችሁ ሙሉ፣ ጥቂት ነድታችሁ እንደገና አፍስሳችሁ ሙሉ። ከካምቢዮው ስር ያለው የዘይት መያዣ ሲከፈት ታች ያሉትን ማግኔቶች እዩዋቸው። ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው፤ የብረት ስንጣሪ ካያችሁ ግን የተለመደ አይደለም።

ያገለገለ ካምቢዮ የምትገዙ ከሆነ፣ ከሻርጃና ከዱባይ የሚመጣው ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ የመኪናችሁን ስም ሰሌዳ አንብቡ። ቶዮታ ላይ «ትራንስ/አክስል» የሚል መስመር አለ፣ የካምቢዮው መለያ እዚያ ነው። መለያው በኤፍ ካለቀ የፎርዊል ነው። ዋስትናውን በደረሰኝ ላይ አስጽፉ፤ የቃል ዋስትና መኪናዋ ከጋራዡ በር እስክትወጣ ነው።

«አውቶማቲኩን ወደ ማኑዋል ላስቀይረውስ?» የምትሉ አላችሁ። ይቻላል። ግን ካምቢዮው ብቻ አይበቃም፤ ፔዳሎቹ፣ ቮላኖው፣ የፍሪሲዮን ፓምፑ፣ አንዳንዴ የትራንስሚሽን ዘንጉ፣ በአዲሶቹ ላይ ኮምፒውተሩም ይከተላል። ሁሉንም ከአንድ አደጋ ከደረሰበት ማኑዋል መኪና ካላገኛችሁ አትሞክሩት። ሌላ ሰው ያስቀየረውን ስትገዙ ደግሞ ባትሪ አብርታችሁ ከመሪው ስር ጎንበስ በሉ። የፍሪሲዮን ፔዳሉ በቡሎን ሳይሆን በብየዳ ተይዞ ካገኛችሁት ቁልፉን ለደላላው መልሱለት።