ልጄ ኳስ መያዝ አይችልም፤ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ይረዳዋል?

የጀሞዋ እናት፦
ልጄ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ኦቲዝም እንዳለበት የተነገረን በአራት ዓመቱ ነበር። በንግግሩ ላይ ብዙ ሠርተናል፤ አሁን የሚፈልገውን በአጭር በአጭሩ ይነግረኛል። የሚያስጨንቀኝ የሰውነቱ ነገር ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃ ሲወርድ ሁለቱንም እግሮቹን አንዱ እርከን ላይ ሳያሳርፍ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ኳስ ሲወረወርለት እጁን የሚዘረጋው ደረቱን ከመታው በኋላ ነው። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አይችልም፤ ብዙ ጊዜም በእግሮቹ ጣቶች ይራመዳል። ዘመዶቼ «ሲያድግ ይስተካከላል» ይሉኛል። የግቢው ልጆች ሲጫወቱ ግን ዳር ቆሞ እጆቹን እያርገበገበ ያያቸዋል፤ መግባት እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ለግል አሠልጣኝ የምከፍለው ገንዘብ የለኝም። አዘውትሮ መንቀሳቀስ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል? ቤት ውስጥስ ከምን ልጀምር?

ፊዚዮቴራፒስት ከሐዋሳ፦
ጤና ይስጥልኝ። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ሚዛን በመጠበቅ፣ ዓይንና እጅን በማቀናጀት፣ ተከታታይ እንቅስቃሴን አስቀድሞ በማሰናዳት ይቸገራሉ። ስንፍናም እልኸኝነትም አይደለም። አዘውትሮ መለማመድ በእርግጥ ይረዳል፤ ኦቲዝምን ግን አያጠፋም፤ ያጠፋል ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎትን አይመኑ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች፣ የአካል ጉዳት ላለባቸውም ጭምር፣ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን የሚያስመታ እንቅስቃሴ ይመክራል። በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ አሥር አሥር ደቂቃ እየከፋፈሉ መጀመር ይቻላል።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እናት፦
እህቴ፣ መልሱ ደጃፍሽ ላይ ነው። የእኔ ልጅ ብዙ የተማረችው በእኛው ጨዋታ ነው። ለኳሱ የካልሲ ኳስ ሥሪለት፤ ቢመታው አያምም፣ ነጥሮም አያመልጠውም። መጀመሪያ መሬት ለመሬት አንከባልዪለት። ቀጥሎ ፊኛ አምጪ፤ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ እጁን ለማዘጋጀት ጊዜ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ነው የካልሲውን ኳስ በቅርብ ርቀት የምትወረውሪለት።

ሰኞ ማክሰኞን በጠመኔ ሳዪለት፣ ግን ሙሉውን አትጠብቂ። በሁለት እግር አንድ ሳጥን ውስጥ ዘሎ መግባት ለብቻው ትምህርት ነው። ከዚያ ሁለት ሳጥን፣ ከዚያ እጅሽን ይዞ በአንድ እግር መቆም። ስታሳዪው ቃል አታብዢ፤ «ዝለል» በቂ ነው። ልጄ ንግግር ሲበዛባት ጆሮዋን ይዛ ትቀመጥ ነበር። ከኋላዋ ቆሜ ወገቧን ስይዛት ግን ሰውነቷ ይገባው ነበር። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ አድርጊው፤ ምን እንደሚመጣ ሲያውቅ ይረጋጋል።

ለጣቶቹ ደግሞ ወጥ ቤት አስገቢው። አተር ይፈልፍል፣ ስንዴ ይልቀም፣ ሊጥ ያቡካ። ቁልፉንም ከትልልቅ ቁልፎች ጀምሪለት፤ አንቺ አብዛኛውን አስገብተሽ የመጨረሻዋን መሳብ እሱ ይጨርስ። «ጨረስኩ» ማለት ለእነዚህ ልጆች ምን ያህል ትልቅ ደስታ እንደሆነ ታዪዋለሽ። አንድ የጎረቤት ልጅም ለምኚ፤ አንድ ብቻ። ልጄ ገመድ ዝላይ የገባችው ገመዱን በማዞር ነበር፤ መዝለሉ ቆይቶ መጣ፤ ልጆቹ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጨዋታው አካል አድርገዋታል።

አባት ከሜሪላንድ፦
ልጃችን በጣም የወደደው ዋና ነው፤ ውኃው ሰውነቱን ይደግፍለታል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ውኃ ይስባቸዋል፣ የመስጠም አደጋቸውም ከሌሎች ልጆች ከፍ ያለ ነው። የሚጥል በሽታ ካለበትም ሐኪም ሳያማክሩ አይግቡ። አንድ አዋቂ ሁልጊዜ እጁ በሚደርስበት ርቀት ይሁን።

የጀሞዋ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ካልሲ ሞልቶኛል፤ ዛሬ እሠራለታለሁ። በጣት መራመዱን ግን እኔው ላስተካክለው እችላለሁ?

ፊዚዮቴራፒስት ከሐዋሳ፦
እሱን ብቻዎን አይያዙት። ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የተረከዙ ጅማት ሊያጥር ይችላል። ጫማ ሳያደርግ ቁጢጥ እንዲል ያድርጉና ተረከዙ መሬት መንካቱን ይመልከቱ፤ ካልነካ ሳይዘገዩ ለአጥንት ሐኪም ወይም ለፊዚዮቴራፒስት ያሳዩት። በግድ ወደ ታች አይጫኑት። ከነካም ያሳዩት፤ ያኔ ግን ጨዋታውን እስከ ቀጠሮው ማቆየት አያስፈልግም።