የወንድሜ ይግባኝ እስኪያልቅ በቀድሞ ጠበቃው ላይ የከፈትነውን ክስ ማስቆም ይቻላል? (ድሬዳዋ)

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ህግ የምታውቁ ወይ እንዲህ አይነት ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ በአላህ አግዙኝ። ታናሽ ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ በደዋሌ መስመር ሲመጣ ከጫነው እቃ ስር ኮንትሮባንድ ተገኘ ተብሎ ተከሶ አምስት አመት ተፈረደበትና አሁን ማረሚያ ቤት ነው ያለው። እሱ ግን እቃውን ታሽጎ ነው የተረከበው፣ ያስጫኑት ልጆች አሉ፣ ዌይ ቢሉም (እቃው የተጫነበት የማጓጓዣ ሰነድ) አለ። ጠበቃ ቀጠርን፣ የተባለውን ብር ከፈልን፣ ሰውዬው አንድ የመከላከያ ምስክር እንኳን አላቀረበም፣ ዌይ ቢሉን የጫኙ ድርጅት ክብ ማህተም ያለበትን ሰማያዊውን ኮፒ በእጄ ሰጥቼው መዝገብ ውስጥ የለም። የመዝገቡን ግልባጭ አውጥተን ስናየው የመከላከያ ማስረጃ በሚለው ስር "የለም" ይላል። ከፍርዱ በኋላም ይግባኝ እላለሁ ዛሬ ነገ እያለ ቀኑ አለፈብን።

ከዛ ሌላ ጠበቃ ይዘን ጊዜው ያለፈውን ይግባኝ በስንት መከራ አስፈቀድን፣ አሁን ይግባኝ ሰሚው ጋ ቀጠሮ አለው። በጎን ደግሞ በቀድሞው ጠበቃ ላይ የከፈልነው ብርና ወንድሜ ያጣው ገቢ እንዲከፈል ፍትሐ ብሔር ከፍተናል። በመልሱ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ "ከሳሽ ጥፋተኛ መሆኑ በፍርድ ተረጋግጧል፣ የታሰረው በራሱ ወንጀል ነው" አለ። ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ደግሞ ታች ላይ "ከሳሽ በጊዜው የነገረኝን ለፍርድ ቤቱ አስረዳለሁ" የሚል ጨምሯል። ይሄ መዝገብ ለምስክር ተቀጥሯል፣ ይግባኙ ግን ገና ነው። ይቁምልን ማለት ይቻላል ወይስ አንስተነው በኋላ እንደገና እንክፈተው? እናቴ እንቅልፍ የላትም።

ከዚራ፦
አቦ አይዟችሁ፣ አላህ ያውጣው። እኔ ብሆን የጠበቃውን ክስ ለጊዜው አነሳዋለሁ፣ በሁለት ፍርድ ቤት መመላለስ ቤተሰብ ይጨርሳል፣ ወንድምህ ይውጣ እንጂ ብሩ የትም አይሄድም።

ጠበቃ ነኝ ድሬ፦
ወንድሜ፣ የከዚራን ሀሳብ ከቅንነት እንደሆነ ባውቅም እባክህ እንዳታደርገው። ክስ ማንሳትና ክስ ማስቆም ለየብቻ ናቸው። ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ካነሳችሁት በዛው ጉዳይ ተመልሳችሁ መክሰስ አትችሉም፣ እንደገና የመክሰስ መብታችን ተጠብቆ ይነሳልን ብላችሁ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ቁጥር 278 ብታስፈቅዱ እንኳን ይርጋው (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) የመጀመሪያው ክስ እንዳልተከፈተ ሆኖ ነው የሚቆጠረው። ጠበቃው ደግሞ ይርጋ አልፏል ብሎ መከራከሩ አይቀርም። ከጠበቃና ደንበኛ ውል የመጣ ነው ካልን የፍትሐ ብሔር ህጉ 1845 አስር አመት ይሰጣል፣ እሱ ግን የሙያ ጥፋት ስለተባለ ከውል ውጭ ነው ብሎ በ2143 የሁለት አመቱን ይዞ ይከራከራል። የሁለት አመቱ ክርክር ውስጥ ራሳችሁን ለምን ትከታላችሁ? ለፍርድ ቤቱ የከፈላችሁት የዳኝነት ክፍያም እንደገና ሊጠየቅ ይችላል። የተከፈተው መዝገብ ባለበት ይቁም፣ እሱ ነው የሚጠብቃችሁ።

አሁን ወደ ጥያቄህ፣ አዎ መጠየቅ ይቻላል። አቤቱታችሁን በጽሁፍ አድርጉት፣ በቃል ቀጠሮ ላይ ብቻ እንዳትሉት። ይዘቱ አጭር ይሁን፣ በዚህ መዝገብ የሚወሰነው ጠበቃው ባያጠፋ ኖሮ የወንጀሉ ውጤት ሌላ ይሆን ነበር ወይ የሚለው ነው፣ ያንኑ ፍርድ ይግባኝ ሰሚው እያየው ስለሆነ ሁለት ፍርድ ቤት የሚጋጭ ነገር እንዳይል የይግባኙ ውጤት እስኪታወቅ መዝገቡ ይታገድልን ወይም የማንቀሳቀስ መብታችን ተጠብቆ ለጊዜው ይዘጋልን፣ ይሄው ነው። ይግባኙ የተፈቀደበትን ትእዛዝ ግልባጭና ቀጠሮው የተጻፈበትን አያይዙ፣ ፍሬ ነገሩን በቃለ መሐላ አረጋግጡ። ዳኛው ይፈቅዳል ብዬ ቃል አልገባልህም፣ የፍርድ ቤቱ ስልጣን ነው፣ ግን ምክንያቱ ጠንካራ ነው።

"የነገረኝን አስረዳለሁ" ያለው ነገር እኔንም አላስደሰተኝም። ጠበቃ የደንበኛውን ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ደንበኛው ሲከሰው ግን ራሴን ልከላከል ብሎ አፉን የሚከፍትበትን ምክንያት ያገኛል። ወንድምህም በፍትሐ ብሔሩ ምስክርነት ቢሰጥ የሚናገረው ሁሉ ተጽፎ ይቀመጣል፣ ይግባኙ ተሳክቶ ጉዳዩ እንደገና ቢታይ ዐቃቤ ሕግ የሚያነበው ወረቀት ሆነ ማለት ነው። ይሄንን በአቤቱታው ላይ ለብቻው አስቀምጡት፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ምክንያት እሱ ነው፣ ብር ከነጻነት በኋላ ይመጣል።

ካሊፎርኒያ ያለሁ የሐረር ልጅ፦
እዚህ ያለሁበት ጋ ይሄ ጉዳይ መንገድ ወጥቶለታል። በካሊፎርኒያ በወንጀል የተፈረደበት ሰው ጠበቃውን በሙያ ጥፋት ከሶ ለመርታት ፍርዱን ማስሰረዝና ንጹህ መሆኑን ማስረዳት አለበት። የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2001 ኮሺያ በሚባል ሰው ጉዳይ ይሄንን ሲያጸና፣ ሰውየው ፍርዱን በትጋት እየተከራከረ ከሆነ የጠበቃው ክስ ታግዶ መቆየት አለበት ብሏል፣ ካልሆነ ይርጋ ሰውን ይበላዋላ። በኋላ ህጉም ተሻሽሎ ንጽህናን ማስረዳት ግድ በሚሆንበት ክስ ከነጻ መውጣት በኋላ ሁለት አመት ይሰጣል። ድሬ ላይም እንደዛ አይደል?

ጠበቃ ነኝ ድሬ፦
ስላካፈልከን እናመሰግናለን፣ ግን ያ የእነሱ ነው። በእኛ ፍትሐ ብሔር ህግ ጠበቃህን ለመክሰስ መጀመሪያ ነጻ ውጣ የሚል አንቀጽ የለም፣ ስለዚህ ጠበቃው "ጥፋተኛ ነህ" ስላለ ብቻ መዝገቡ አይወድቅም። የይግባኝ ቀን ማሳለፉና ማስረጃ አለማቅረቡ ወንድምህ ነጻ ባይወጣም የራሱ ጥፋት ነው፣ ቢያንስ የከፈላችሁትን ብር የሚመለከተው ክርክር ይቀራል። በሌላ በኩል ነጻ ቢወጣም ወዲያው አሸነፋችሁ ማለት አይደለም፣ ቁጥር 2149 የፍትሐ ብሔር ዳኛ በወንጀል ፍርድ ቤቱ የነጻ መልቀቅ ውሳኔ አይገደድም ይላል። ጉዳቱ በእሱ ጥፋት መድረሱን ማስረዳት የእናንተ ስራ ነው። ሀሳቡን ግን፣ ማለትም ይታገድ እንጂ አይነሳ የሚለውን፣ እኔም እደግፈዋለሁ።

የጀጎል እህት፦
እኔ ሐረር ነኝ፣ ከባለቤቴ ጉዳይ ጋር በተያያዘ ሁለት መዝገብ አንድ ላይ ሲሄድብን አንዱን አስቁመን ነበር። ዳኛው በቃል ስጠይቃቸው "በጽሁፍ አምጡ" ብለው መለሱኝ፣ በጽሁፍ ሲሄድ ግን ተከሳሹ አስተያየት እንዲሰጥ ካደረጉ በኋላ ፈቀዱ። አንድ ነገር ልንገርህ ወንድሜ፣ ከቆመ በኋላ እንዳትተኛ። እኛን ይግባኙ የደረሰበትን በየጊዜው እንድናሳውቅ አዘዙን። ዝም ያለ ሰው ፋይሉ ይረሳል፣ እኔ ሬጅስትራር ጋ ስሄድ የመዝገብ ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር የማስቀምጠው፣ ቁጥር ከሌለህ ማንም አያናግርህም። የጫኙን ድርጅት ሰዎች ስልክም ከአሁኑ ያዝ፣ ልጆቹ ጅቡቲ ምናምን ከሄዱ በኋላ ማን ያመጣቸዋል?

የሳቢያን ልጅ፦
አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁም፣ ትንሽ ተነፈስኩ። ጋሼ ጠበቃ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። አሁን የያዝነው ጠበቃ የይግባኙ ብቻ ነው፣ ለፍትሐ ብሔሩ ሌላ የምንከፍለው የለንም፣ እኔ መቆም እችላለሁ ወይ? ዌይ ቢሉንስ አሁን ለማን ነው የምሰጠው?

ጠበቃ ነኝ ድሬ፦
ወንድም ስለሆንክ ውክልና ካለህ መቆም ትችላለህ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ ለቅርብ ዘመድ ይፈቅዳል። ወንድምህ እስር ላይ ስለሆነ ውክልናው እዛው እንዴት እንደሚፈረም ማረሚያ ቤቱንና ሰነዶች ማረጋገጫን አስቀድመህ ጠይቅ፣ ቀጠሮ ሲቃረብ አትጀምረው። አቤቱታ የሚጽፍልህ ካጣህ የድሬዳዋና የሀረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የህግ ትምህርት ክፍሎች ነጻ የህግ ድጋፍ ይሰጣሉ፣ እነሱ ጋ ጎራ በል።

ዌይ ቢሉ መጀመሪያ ለይግባኙ ጠበቃ። ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ተጨማሪ ማስረጃ መቀበል ይችላል፣ ስለዚህ በስር ፍርድ ቤት ለምን እንዳልቀረበ የሚያስረዳ ምክንያት ይጻፍበት፣ መዝገቡ ላይ "የለም" የሚለው ገጽ ራሱ ከጎኑ ይያያዝ። ዋናውን አንተ ያዝ፣ የተረጋገጠ ኮፒ ስጥ።

ጠበቃውን በስነ ምግባር መክሰስም ትችላለህ፣ የፌደራል ፈቃድ ካለው በጥብቅና አዋጁ 1249/2013 መሰረት የዲሲፕሊን አቤቱታ ይቀርብበታል፣ ያ ግን ፈቃዱን ነው የሚነካው፣ ለእናንተ ካሳ አይከፍልም። እዛም ላይ ወንድምህ በስሙ ዝርዝር ታሪክ እንዳይጽፍ፣ የቀን ማለፉንና የማስረጃውን ነገር ብቻ በሰነድ አቅርቡ፣ ያ ይበቃል።

ከዚራ፦
እኔም ተማርኩበት ወላሂ፣ ያልኩትን ተዉት። የሳቢያን ልጅ፣ የጫኙ ድርጅት እኛ ሰፈር አካባቢ ከሆነ ልጆቹን በማፈላለግ አግዝሃለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

የሳቢያን ልጅ፦
ጽፌልሃለሁ ወንድሜ። ሰኞ ጠዋት ግልባጩን ላወጣ እሄዳለሁ፣ አቤቱታው ሲገባ ዳኛው ያሉትን እዚሁ አሳውቃለሁ።